የእማዬ ክሪያቲኒን

የካቲት 5
የእማዬ የደም ምርመራ ውጤት ደረሰ። የግፊት ኪኒኗን ኢናላፕሪልን ከመጀመሯ በፊት 0.9 የነበረው ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.1 ሆኗል። ጎረቤታችን ወረቀቱን አየችና «የግፊት ኪኒን ኩላሊት ይጨርሳል ስልሽ!» አለቻት። ማታ ኪኒኑን አልዋጠችም፤ ፓኮው ከሲኒዎቹ ኋላ ተሸጉጦ አገኘሁት።

የካቲት 6
ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ ኩላሊቴን ሊጨርሰው ነው እንዴ?» አለችው። «እናቴ፣ ኩላሊትዎን የሚጨርሰው ያልታከመ ግፊት ነው» አላትና በወረቀት ላይ ይስልላት ጀመር። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ደም በአንድ ቀጭን ስር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ኢናላፕሪል መውጫውን ሰፋ ስለሚያደርገው ማጣሪያው ላይ ያረፈው ጫና ይቀንሳል። ጫናው ሲቀንስ የሚጣራውም ለጊዜው ትንሽ ይቀንሳል፤ ክሪያቲኒን ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ጭማሪው ከ30 በመቶ ካላለፈና እየጨመረ ካልሄደ መድኃኒቱን አያስቆምም። እንደ እማዬ ስኳር ላለበትና በሽንቱ ፕሮቲን ለሚታይ ሰው ደግሞ ኩላሊቱ ቶሎ እንዳይደክም የሚጠብቅለት ይኸው ኪኒን ነው።

ይህንን ማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ለታማሚ አስይዞ ወደ ቤት መስደድ ልክ አይደለም። በድንጋጤ መድኃኒት የሚያቆም ስንት ሰው ይኖራል!

ማታ ዋጠች።

የካቲት 21
ጉልበቷ ሲነዘንዛት፣ የቆየ የሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ከመሳቢያ አውጥታ ልትውጥ ስትል ደረስኩ። መፍራትስ ይህንን ነበር። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ስር ያጠብባሉ፤ ኢናላፕሪል መውጫውን አስፍቶታል። መግቢያው ጠብቦ መውጫው ሲሰፋ ኩላሊት ደም ያጥረዋል። የሚያሸና መድኃኒት ከተጨመረበት አደጋው ይብሳል። እነዚህ ማስታገሻዎች ግን ያለ ማዘዣ ስለሚሸጡ እንደ ከረሜላ ነው የሚታዩት። ፋርማሲ ደውዬ ጠየቅሁ፤ ፓራሲታሞል ይሻላታል አሉኝ። ጉልበቷንም በቅባት አሸሁላት።

መጋቢት 1
ክሪያቲኒን 1.1 ላይ ቆሟል። ፖታሲየም 4.7፤ ኢናላፕሪል ፖታሲየም ከፍ ስለሚያደርግ እሱም አብሮ መታየት አለበት። ግፊቷ 132 በ80። ሐኪሙ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዛት ኪኒኑን ከመዋጧ በፊት እንድንደውል ነገረን፤ ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊት ቶሎ ይጎዳል። ስልክ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር በትልቁ ጻፍኩት፤ ለእህቴም ላክሁላት።