በአንድ እጅ ሁለት ጽሕፈት

አንድ ሰኞ ጧት በመሥሪያ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ አገኘሁ። ስሙ የእኔ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን የእኔ አልነበረም። ማን እንደ ጻፈው ብጠይቅ ባልደረቦቼ «ዓርብ ከቀትር በኋላ አንተው ስትጽፍ አይተንህ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ከምሳ ወዲያ ያለውን አንዲት ደቂቃ እንኳ አላስታውስም። ወረቀቱን አጥፌ በኪሴ ከተትሁት።

እናቴ «ዛር ነው» አለች። ባልንጀሮቼ «መጠጥ ነው» አሉ። የአእምሮ ሐኪሙ ግን ከብዙ ወራት ጥያቄ በኋላ «የማንነት መከፋፈል ሕመም ነው» አለኝ። ቀድሞ «ብዙ ሰውነት» ይባል የነበረውን ይህን ሕመም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. በአዲስ ስም መዝግቦታል። በ2013 እ.ኤ.አ. መዝገቡ ሲታደስም፣ ሕመሙ በአንዳንድ አገር መንፈስ እንደ ያዘው ሰው ሆኖ እንደሚታይ ተጽፏል። እንግዲህ እናቴም በከንቱ አልተናገረችም።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ሕፃን ልጅ ከአቅሙ በላይ የሆነ ግፍ ደጋግሞ ሲደርስበት አእምሮው መከራውን ለያይቶ ያስቀምጠዋል። አንዱ ክፍል ይማራል፤ ሌላው ያለቅሳል፤ ሌላው ይቆጣል፤ አንዱም የሌላውን አያውቅም።

እኔም «እባክዎ ያንን ሰውዬ ያባርሩልኝ» ብዬ ለመንሁ። «ከአንድ ቤት ልጆች የትኛው ይባረራል?» አሉኝ። ይህን ሕመም የሚነቅል ኪኒን የለም፤ ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ዓመታትም ይፈጃል። በፊት መረጋጋት፣ ቀጥሎ ያለፈውን ቀስ ብሎ መመልከት፣ በመጨረሻም ተስማምቶ እንደ አንድ ሰው መኖር ነው። ራሴን ልስት ስል ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብና ቀኑንና ያለሁበትን ስፍራ ጮክ ብዬ መናገር ተማርሁ።

ደግሞም አንድ ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ «ዛሬ የሠራሁት ይህ ነው፤ አንተስ?» ብዬ እጽፍ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ አልነበረም። በአሥራ አምስተኛው ቀን በዚያ በባዕዱ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ «አለቃው ሲጮኽ አባባን ይመስለኛል። እንዳይመታን ብዬ ነው።»

ደብተሩን ይዤ አለቀስሁ። ጠላቴ የመሰለኝ ለካ ዘበኛዬ ኖሯል!

አንባቢ ሆይ፣ ፈጽሜ ድኛለሁ አልልህም። ዛሬም የሚጠፉብኝ ሰዓቶች አሉ፤ ነገር ግን ደብተሩ የት እንደ ዋልሁ ይነግረኛል። ማመልከቻውም በውስጡ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ለአለቃው እንዳይሰጥ ሁለታችንም ተስማምተናል።