ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፦ የበዓል ሰንጋ የሚደልብበት አገር

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ደምበጫንና ጅጋን ያለፈ መንገደኛ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ስሟ በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ እንጅባራ፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት። አካባቢው የበቆሎ፣ የዳጉሳ፣ የጤፍና የበርበሬ አገር ነው። የድልብ ሰንጋም አገር ነው።

እዚህ በሬ መጀመሪያ አራሽ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ከቀንበር ይፈታና ለድልብ ይታሰራል። ውሳኔው ለቤተሰቡ ቀላል አይደለም። ከሽያጩ ምትክ ወይፈን ይገዛል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈላል፣ የልጆች ደብተርና ልብስ ይሟላል። ስለዚህ እያንዳንዷ ኪሎ ትቆጠራለች።

ሒሳቡ የሦስት ወር ነው፤ ለፋሲካ የታሰበ በሬ ጥር ላይ ይታሰራል። በደንብ የተቀለበ በሬ በቀን ግማሽ ኪሎ ቢጨምር በ90 ቀን 45 ኪሎ ይሆናል፤ የጎበዝ ደላቢ በሬ ከዚያም ያልፋል። ገለባና አገዳ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አያወጣም። ሥጋ የሚያወጣው የኑግ ፋጉሎ፣ ፉሩሽካ፣ የበቆሎ ክክና የጠላ ወይም የአረቄ አተላ ሲታከልበት ነው። አተላው የእናቶች ድካም ነው፤ በሬው በሚሸጥበት ቀን ይህን የማይረሳ አባወራ የተመሰገነ ነው።

300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ከ7 እስከ 9 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ንጹሕ ውኃም ከፊቱ መጥፋት የለበትም። ፋጉሎና እህል በአንድ ቀን አይከመርለትም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ አለዚያ ሆዱ ይነፋል። ከመታሰሩ በፊት የትል መድኃኒት ይሰጠዋል፣ የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባትም ይከተባል። ከዓባይ ቆላ የመጣ ከሆነ ገንዲ እንደሌለበት ማስመርመር ይገባል። ትል ያለበትን በሬ መቀለብ ትሉን መቀለብ ነው።

ቀሪው የመሸጫው ቀን ነው። በዓሉ ያለፈበት በሬ ዋጋው ይወርዳል፤ ቀለቡ ግን አይቆምም፤ ትርፉን መልሶ ይበላዋል። ልምድ ያላቸው ገበያውን ቀደም ብለው ይጠይቃሉ፤ የበሬውንም ደረት ዙሪያ በሜትር ለክተው ኪሎውን ገምተው ይወጣሉ። ነጋዴ በዓይኑ ይመዝናል፤ የራሱን ቁጥር የያዘ ገበሬ ግን በቀላሉ አይታለልም።

ለመጪው በዓል ቅርጫ ሲገቡ ይህን ለልጅ ልጆችዎ ይንገሯቸው፤ መደቡ ላይ ያለው ሥጋ ዓመታት ያረሰ፣ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ጠዋትና ማታ የደከመበት በሬ ሊሆን ይችላል።