ስለ ጎረምሶች ልጆቼና ስለ ግቢያችን እንስሳት

ወንድ ልጅ ድምፁ መጎርነን በጀመረ ጊዜ፣ ትናንት የዋለበትን ሁሉ ለእናቱ ሳይነግር የማይተኛው ያው ልጅ፣ ዛሬ ለሚጠየቀው ሁሉ በአንዲት ቃል እየመለሰ አርምሞ እንደ ያዘ መናኝ ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ የእናት ልብ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ጎረምሶች ያሳደጋችሁ እኅቶቼ ሁሉ ታውቁታላችሁ። እኔም በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ በኩል፣ ሁለት ወንዶች ልጆቼን፣ ቡቺ የተባለውን ውሻችንን፣ አንዲት ድመትንና ጥቂት ዶሮዎችን በአንድ ግቢ ይዤ ስኖር ያስተዋልሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ። ያስተዋልሁትም፣ ጎረምሳ ለሰው ማሳየት የሚያፍርበትን ርኅራኄ ለእንስሳ ሳያፍር እንደሚሰጥ፣ ጉልበቱም ከቀን ወደ ቀን በሚበረታበት በዚያ ወራት ከእርሱ የደከመ ፍጥረት በአደራ ቢሰጠው ጉልበትን መግታት ከዚያ እንደሚማር ነው።

ታላቁ ልጄ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ፊቱ ጠቁሮ ገባና ምሳም ሳይቀምስ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከቡቺ ጆሮ መዥገር ይለቅም ጀመር፤ እንደኛ ባለ ቆላ አገር መዥገር ለውሻ የዘወትር መከራ ነውና ይህ ሥራ አያልቅም። እኔም የተለቀመው የሚጣልበትን የጨው ውሃ በጣሳ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥሁና፣ ስለ ራሱ ብጠይቀው እንደማይመልስልኝ ስለማውቅ፣ «ቡቺ ዛሬ ምን ሆኖ ነው ያኮረፈው?» አልሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ ዓይኑን ከውሻው ጆሮ ሳያነሣ፣ «እሱማ ምን አለበት፣ እማዬ፤ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ» አለኝና፣ ከባልንጀራው ጋር በምን እንደ ተጣላ፣ ሊመታው እጁን አንሥቶ እንዴት እንደ መለሰው፣ በመመለሱም ሌሎቹ ፈሪ ብለው እንደ ሰደቡት አንድ በአንድ አጫወተኝ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ዓይን ለዓይን ተያይተን ቢሆን ኖሮ ከዚህ ነገር እኩሌታውን እንኳ ባልሰማሁ ነበር፤ ጎረምሳ እጁ ሥራ ሲይዝ አንደበቱ ይፈታልና።

እጁን የመለሰ ልጅ ፈሪ መባሉ ከእርሱ ይልቅ እኔን አሳዘነኝ፤ ስለዚህም በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የሆነውን አስታወስሁት። በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያ በተሰማ ጊዜ፣ ወጣቶቻችን በኀዘንና በቁጣ ተነሣሥተው ለበቀል ወጥተው ሳለ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በጎዳናው ላይ ተንበርክከው ለመኗቸው፤ በአገሩ ሥርዓት ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ፣ የከበደም ነውር ነውና፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ ቁጣውን ውጦ ተመለሰ። የተመለሱትንም አገር አመሰገናቸው እንጂ ፈሪ አላላቸውም። ልጄ ያን ጊዜ ሕፃን ስለ ነበረ ነገሩን በወሬ ብቻ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ለእርሱ ስናገር፣ እንዲህ ያለ መታገሥ በአንድ ቀን ልመና ብቻ የሚገኝ ሳይሆን ከልጅነት ጀምሮ የሚኮተኮት መሆኑን ለራሴም አሰብሁ።

የሚኮተኮትበትን ስፍራ በአያታቸው ቤት አይቼዋለሁ። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከተማችን ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ወደ ጨንቻ ደጋ ሲወጣ፣ በዶርዜ መንደር፣ ከቀርከሃ ተሠርቶ አዲስ በሆነ ጊዜ እስከ 12 ሜትር ከፍ የሚለው ቤት ውስጥ፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ የላሟ ትንፋሽ የደጋውን ብርድ ያለዝባል፣ ፍጓም እንሰቱን ታሳድጋለች፣ እንሰቱም ቤተ ሰቡን ይመግባል። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ የእንስሳን ደኅንነት ከራሱ ደኅንነት ለይቶ አያየውም። ታናሹ ልጄ፣ ማንጎ ሊሰርቁ የሚመጡትን ጦጣዎች በወንጭፍ ማሳደድ የሚወድ የዐሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ ክረምቱን እዚያ ከርሞ ጥጃ ሲጠብቅ ቆይቶ በተመለሰ ጊዜ፣ ማንም ሳያዘው ማለዳ ተነሥቶ የዶሮዎቹን ውሃ መለወጥ ጀመረ።

ስለ ውሻ ግን በእኛ ዘንድ ያለው አስተያየት የተከፈለ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደግን ሰዎች ውሻን ሌባና ጅብ የሚጠብቅ የደጅ ፍጥረት አድርገን እንይዘዋለን፤ እኔም እስከ ዛሬ ቡቺን ከደጃፉ አላሳልፈውም። ከደጅ መኖሩ ግን ችላ ለማለት ምክንያት ሊሆን አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ ወዲያ ማዳን አይቻልም ለማለት ያስደፍራል፤ ነገር ግን የተነከሰው ስፍራ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ተሄዶ ክትባት ቢጀመር ይከለከላል። በ1885 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአልዛስ ተነሥታ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሉዊ ፓስተር ዘንድ ያደረሰችው እናቱ ነበረች፤ ልጁም በአዲሱ ክትባት ዳነ። እኛ ግን እዚያ ሳንደርስ ውሻችንን አስቀድመን በየዓመቱ ማስከተብ እንችላለን፤ ይህንንም ኀላፊነት ለጎረምሶቻችሁ ስጧቸው ብዬ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ታላቁ ልጄ ቡቺን በገመድ ይዞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሲወስደው፣ መርፌው ሲገባም ራሱን አቅፎ ሲያባብለው ባየሁ ጊዜ፣ አንድ ቀን አባት ሲሆን ልጁን እንዴት እንደሚይዝ ያየሁ መሰለኝ።

በጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል ስናከብር፣ መጽሐፈ ጦቢትን ሳስብ ልቤ የሚያርፍበት አንድ ስፍራ አለ። ወጣቱ ጦብያ አብሮት የሚሄደው መልአክ መሆኑን ሳያውቅ ወደ ሩቅ አገር ሲነሣ፣ የልጁ ውሻ አብሮ ይሄዳል፤ እናቱ ሐና ግን ከኋላ ቀርታ ታለቅሳለች። ስለ መልአኩ ብዙ ተሰብኳል፤ እኔ ግን ያ ውሻ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ አለመረሳቱ ያጽናናኛል፣ የሐናንም እንባ ከቀድሞው ይልቅ አሁን አውቀዋለሁ። ታላቁ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ይፈተናልና፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ዓመት ወደሚመደብበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ እርሱ ግን እንደ ጦብያ ውሻውን ማስከተል አይችልም።

ይህንንም ከእኔ አስቀድሞ አስቦበት ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ወንድሙን ጠርቶ የቡቺን የክትባት ወረቀት እየሰጠው፣ «የሚከተበው ኅዳር ላይ ነው፣ እንዳታሳልፈው፤ ጆሮውን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እይለት» ሲለው ሰማሁ። ታናሹም ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና፣ «አንተ ፈተናህን አጥና፤ ኅዳርን እኔ አውቃለሁ» ብሎ መለሰለት።