ስለቱን አደራ

ለምወድህ ልጄ፣

የዓባይን በረሃ በሰላም ተሻገርህ? መንገድ ላይ እንዳታነበው ብዬ ይህን ወረቀት ከበሶው ሥር ሸጎጥሁት።

እፊትህ ልናገረው ያቃተኝን ልጻፍልህ። ጓደኛህ ለፋሲካ አብሮህ ሲመጣ ያሳየን ያ ቢላ ከዓይኔ አልጠፋም። የቀንድ እጀታው ያምራል። ስለቱ ላይ ዝገት አለ። «ሰው ሲያየው የቴዎድሮስ ዘመን ነው ይላል፤ እኛም አይደለም አንልም» ብሎ ሳቀ። አባትህ ተቀብሎ ስለቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳሰሰው፤ ጫፉን መስፉ ላይ አስደግፎ ጫን አለው። ጎበጠ፤ እንደጎበጠም ቀረ። ቃል ሳይናገር ለባለቤቱ መለሰለት። አንተ አይተሃል። ማየትህን እኔም አይቻለሁ። አባትህ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከጓደኛህ ጋር ልትሠራበት ስለሄድህበት ስለ ምናለሽ ተራ ሲወራ ተነሥቶ ይወጣል።

ልጄ፣ ያ የላሜራ ቁራጭ ነው። ጨውና ውሃ እየተቀባ የዛገ እንጂ ዘመን ያየ አይደለም። ሽንኩርት ይከትፍ ይሆናል፤ ዶሮ አሥራ ሁለት ቦታ ለመገነጣጠል የያዘችው ሴት ግን መገጣጠሚያው ላይ ታፍርበታለች። ይሁን፤ ርካሹ ቢላ ርካሽ ነው ተብሎ ቢሸጥ ማን ተበደለ? እንቅልፍ የነሳኝ የአያት ቅርስ ተብሎ መሸጡ ነው። የማን አያት?

ወናፍ ስነፋ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ስለ ብረት ብናገር አይፈረድብኝም። ባሌስትራው መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወዲያ መዶሻ አይመልሰውም። አባትህ «በቃ» ከማለቱ በፊት እጄ ይቆም ነበር። ፌሮ ቢያግሉትም ውሃ ቢያጠጡትም ለስላሳ የሚሆነው ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ነው ብለህ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት መጥተህ የነገርኸን አንተ ነህ። አባትህ ስሙን ባያውቀውም በሞረድ ይለየው ነበር፤ በደንብ የጠጣ ስለት ላይ ሞረዱ ያንሸራትታል፣ ለስላሳው ላይ ይነክሳል። ስለቱ ውሃ ከጠጣ በኋላም አባትህ አይቸኩልም። ጎኑን በአሸዋ ፈትጎ ያነጣውና ፍሙ ዳር አስጠግቶ የገለባ ቀለም እስኪያወጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህን ትዕግሥት የዘለለ ቢላ መሬት ሲወድቅ እንደ እኔ ሸክላ ይሰበራል። እጀታውም እንዲሁ ነው። ወይራው ጥላ ውስጥ ሳይደርቅ ከተበሳ በበጋ ይጨማተርና ይላቀቃል። የስለቱን ጭራ አግሎ እንጨቱ ውስጥ ሲያስገባው የሚወጣው የወይራ ጭስ አሁን ስጽፍልህ እንኳ አፍንጫዬ ላይ አለ። አንተ በዚያ ጭስ ነው ያደግኸው። እጅህን ይባርከው፤ እንደ አባትህ እጅ ያድርግልህ።

አያትህን አላየኸውም። ለዚህ ቤት ምራት ሆኜ ስመጣ ገበያ ሲወጣ ተከትየው እሄድ ነበር። ሰው ቢላውን ይመርጣል፣ ማጭዱን ይመርጣል፣ ብሩን ግን እጁ ላይ አያኖርም፤ መሬት ላይ ጥሎለት ይሄዳል። ሕፃን ይዛ የምታልፍ እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ለምን እንደሆነ ላንተ መንገር አያሻኝም። አፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር ይባላል። አዋጁ እኛ ገበያ ላይ የሰው አፍ አልዘጋም። ያው ሰው ግን በዓል ሲደርስ «የእሱ ካራ ይሻላል» እያለ ከጮቄ ሥር ድረስ ይመጣል። እርሱን ይሸሹታል፣ ካራውን ያምኑታል። እህል ያበላን ያ እምነት ነው። አያትህ ልጁን በሰው ሠርግ አክብረው ከዳስ ፊት ሲያስቀምጡት ሳያይ መሞቱ ዛሬም ይቆጨኛል። ነፍሱን ይማር።

ጓደኛህ የቴዎድሮስን ዘመን በከንቱ ያነሣል። ጋፋት ላይ ቀልጦ ስለተሠራው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አፋፍ ድረስ ስለተጎተተው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ማታ ማታ ያነበብህልኝ አንተ ነህ። የሠሩት ፈረንጆች ስም ተጽፏል። አብረዋቸው የደከሙት የአገሬው ባለ እጆች ግን አብዛኞቹ ስም የላቸውም። ያኔ አለቀስሁ፤ አንተ የደከመኝ መሰለህ። የእኛን ሰዎች ስም ማንም አልጻፈውም ልጄ። ስማቸው ያለው ሥራቸው ላይ ብቻ ነው። ላሜራ ቆርጠህ በእነርሱ ስም ከሸጥህ ያቺኑ የቀረቻቸውን ትወስድባቸዋለህ።

ጓደኛህን ተጣላው አላልሁም። እርሱም እናት አለችው፤ ቤታችን እንጀራ ቆርሷል፣ አክብሮኛል። በቀስታ ንገረው። «ዘንድሮ የተሠራ ነው፣ የሠራነው እኛ ነን» ብላችሁ ብትሸጡ ምን ይጎድላል? ገዢ ይቀንስ ይሆናል። ኪራዩ ይከብዳችሁ ይሆናል፤ አውቃለሁ። የጎደለህ ዕለት ለኔ ደውል እንጂ በሙታን ስም አትበደር። እምቢ ካለህ ግን ገንዘብህን ሳታቀላቅል ተለይ። ለብቻህ የምትሠራበት መስፍ ከዚህ እንልክልሃለን፤ አባትህ አፍ አውጥቶ ባይለኝም ሐሳቡን አውቀዋለሁ።

ሌላ ምን ልምከርህ? ማታ ማታ ጋቢህን ደርብ። ዕቁብ ስትገባ ሰዎቹን እወቅ። ቤተ ክርስቲያን ሳም። ይኸው ነው፤ ብዙ የምነግርህ ነገር ያለኝ መስሎኝ ነበር፣ ሁሉም ተመልሶ ወደዚያ ቢላ ሄደብኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ታግሠህ አንብበው።

እግዚአብሔር ከክፉ ባልንጀራ ይሰውርህ። የሰው ፍቅር ይስጥህ። የላብህን ያብላህ፣ ተርፎህም የምትሰጥ ያድርግህ። የመጀመሪያውን ቢላ የሸጥህ ዕለት ደውልልኝ። ገዢው «ማን ሠራው?» ሲልህ «እኔ፣ የደብረ ማርቆስ ቀጥቃጭ ልጅ» ብለህ ዓይኑን እያየህ መልስለት። ይህን እንዳልህ ስትነግረኝ ለአባትህ እኔ አደርስለታለሁ።

የምትወድህ እናትህ