እግራችን መሬቱን እንዲነካ

መስከረም ሲጋመስ ልጆቼ ለጥቅምት የሁለት ቀን ጉዞ አሰቡ። ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል አንኮበር መግባት፣ እዚያ አድሮ ፀሐይ ስትወጣ ማየት፣ እሑድ ደግሞ ጣርማበርን አይቶ ማታ ቤት መግባት። ቡና እየጠጣን ወንዱ ልጄ ዕቅዱን ከስልኩ ላይ ሲያነብልን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ቀና ሳይል፣ «ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ስንወጣ አንቺና እትዬ መኪና ውስጥ ትጠብቁናላችሁ፤ ከታችም ሲያዩት ያምራል» አለ።

ክፋት የለውም። እኔን ጉልበቴን እንደሚያመኝ ያውቃል። ታላቅ እህቴ እትዬም ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ለእኛው አስቦ ነው የተናገረው። እኔ ግን ስኒዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ይህንኑ ቃል ከሃያ ዓመት በፊት የተናገርኩት እኔው ራሴ ነበርኩ።

እናታችን የተወለደችው አንኮበር አጠገብ ነው። ልጅ ሆና ከአያታችን ጋር በእግሯ ወደ አልዩ አምባ ገበያ እንደምትወርድ አውርታ አትጠግብም ነበር። ተድራ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ግን አገሯን አላየችም። ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላት መኪና ተውሰን በጥቅምት ወር ይዘናት ሄድን። ኮረብታው ግርጌ ስንደርስ፣ «እማዬ፣ አቀበቱ አይሆንልሽም፤ አንቺ እዚህ ጠብቂን» አልኳት። እግሯን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ መስኮቱን ስንዝር ያህል ከፍቼላት ወጣን። ከላይ ሆነን የጥንቱን ግቢ የግንብ ቅሪት አየን፤ ቁልቁል እስከ አፋር ቆላ የሚዘረጋውን አገር አየን፤ ፎቶ ተነሳን። አንድ ሰዓት ተኩል ቆይተን ስንመለስ ፈገግ ብላ «መጣችሁ ልጆቼ?» አለችና ከያዘችው ቆሎ ዘገነችልን።

ያን ሌሊት ደብረ ብርሃን አልጋ ይዘን ሳለ ትንፋሽ አጠራት። ጋደም ስትል ይብስባታል፤ ቀና ስትል ይሻላታል። ካልሲዋን ሳወልቅላት እግሯ አብጦ የካልሲው ጠርዝ ሰርጉዶታል። መድኃኒቷን ስጠይቃት የመሐረቧን ጫፍ ፈታች፤ ጠዋት ልትውጠው የሚገባት የሚያሸናው ክኒን እንደተቋጠረ ነው። «መንገድ ላይ ቁሙልኝ፣ ቁሙልኝ እያልኩ ላስቸግራችሁ?» አለችኝ። ውኃ እንኳ ከቤት ከወጣን ጀምሮ አልቀመሰችም። ወዲያው ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ መርፌ ተሰጥቷት ውኃው ሲወጣላት ትንፋሿ ተመለሰ። ያን ሌሊት አንኮበር አድረን ቢሆን ኖሮ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በጨለማ፣ በጠመዝማዛ መንገድ ይዘናት እንመለስ ነበር።

ያኔ ነርስ ከሆንኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ስንቱን ታማሚ «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» እያልኩ ስጠይቅ ውዬ የምገባ ሴት፣ የራሴን እናት ሳልጠይቅ ነው ከቤት ያወጣኋት። ከሳምንታት በኋላ ጎረቤት መጥቶ «አንኮበርን አዩ አሉ፤ እንዴት ነበር?» ሲላት እየሳቀች «እግሬ እኮ መሬቱን አልነካም» አለች። በሁለተኛው ዓመት ዐረፈች። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ልጄን «ዕቅዱን እኔ ላውጣው» አልኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መጀመሪያ የጻፍኩት የሚጎበኙትን ቦታዎች ሳይሆን የምንሄደውን ሰዎች ነው። ከየስማችን ጎን በሽታችንን፣ መድኃኒታችንን፣ ስንት ሰዓት ሳንነሳ መቀመጥ እንደምንችል ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዞው በየትኛው ሰው እርምጃ መለካት እንዳለበት የገባኝ። በእትዬ እርምጃ ነው። ፈጣኑ ሰው ቀስ ማለት ይችላል፤ ቀርፋፋው ግን መፍጠን አይችልም።

ወሩ ጥቅምት መሆኑን አልነካሁትም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ይጠራል፤ ገብሱና ስንዴው ማሳ ላይ ነው፤ ከአንኮበር ገደል ላይ ቆላውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ሆኖም «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ትበልጣለች፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቷ ውርጭ ነው። ከፍታው ለአዲስ አበባ ሰው ብዙም አያስፈራም። ልቡ የደከመ፣ ደሙ ያነሰ ወይም አስም ያለበት ሰው ግን ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላልና ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ለእኛ ዋናው ጉዳይ ብርዱ ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ ይቻላል። ለሽማግሌዎች ኮፍያና የሱፍ ካልሲ የግድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ ማታ ከሰል መኝታ ክፍል አይገባም። በሥራ ዘመኔ በአንድ ብርዳማ ጠዋት ባልና ሚስት ተሸክመው አመጡልን። ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ነው የተኙት። ባልየው ተረፈ፤ ሚስቱ አልተረፈችም። ከሰሉ ፍም ሆነ፣ ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። የሚያሞቅ ከተፈለገ በደንብ የተከደነ የሙቅ ውኃ ላስቲክ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይበቃል።

ቀጥሎ መንገዱ። ከመነሳታችን ሁለት ቀን ቀደም ብዬ፣ በመነሻው ቀንም በጠዋት፣ እዚያው ለሚኖር ዘመድ እደውላለሁ፤ ስለ መንገዱም ስለ ሰላሙም እጠይቃለሁ። አይሆንም ካለኝ ቀኑን እንቀይራለን። አንኮበር የትም አይሄድም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ወጣቶቹ ሳያቆሙ ሊነዱት ይፈልጋሉ። በእኔ ዕቅድ ሰንዳፋ እንቆማለን፣ ሸኖ እንቆማለን፣ ጫጫ እንቆማለን። ሸኖ ላይ እትዬ ቅቤ ትገዛለች፤ ጽጌን ስለምትጾም አትቀምሰውም እንጂ ሳትገዛ አታልፍም። የምንቆመው ግን ለቅቤው ብቻ አይደለም፤ እግር እንዲፈታታ፣ ደም እንዲዘዋወር፣ መጸዳጃ ቤት የፈለገ ሰው ሳያፍር እንዲሄድ ነው። የት እንደምንቆም አስቀድሞ ከታወቀ ማንም «አቁሙልኝ» ብሎ መለመን አያስፈልገውም። ብዙ አዛውንቶች ለጉዞ ሲሉ የሚያሸናውን ክኒን የሚደብቁትና ውኃ የሚተዉት ከዚህ እፍረት የተነሳ ነው። እናንተም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ «ክኒን ወስደሻል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «እዚህና እዚህ እንቆማለን» በሏቸው። ስኳር ያለበት ሰው ካለም ኢንሱሊኑ ፀሐይ በሚመታው የመኪና መስኮት ሥር አይቀመጥ፤ በሌሊትም ውርጭ አይንካው። ከረሜላም ከኪስ አይጥፋ።

አዳሩን ሁለቱንም ሌሊት ደብረ ብርሃን አደረግኩት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተነስተን እዚያ እናድራለን፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ለአንኮበር ይሆናል፤ ማታ እንመለሳለን። እሑድ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ከተማዋን ሲቆረቁሩ በተከሉት በደብረ ብርሃን ሥላሴ እናስቀድስና ወደ ቤታችን። የመረጥኩት ሆስፒታሉ ቅርብ ስለሆነ ነው።

ልጄ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ዋናው ነገር እኮ አንኮበር ላይ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ከቆላው በኩል ፀሐይ ብቅ ስትል ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ጣርማበርንም አስቀርቼበታለሁ። ለዓርቡም ከመሥሪያ ቤቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። «አንተ ለሌላ ጊዜ ከጓደኞችህ ጋር ተመልሰህ ትሄዳለህ፤ እትዬ ግን ተመልሳ አትሄድም» አልኩት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ማታ ደውሎ «ፈቃዱን ጠይቄያለሁ» አለኝ።

የቀረው ኮረብታው ነው። አንኮበር አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ መናገሻ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን መልእክተኞች የተቀበሉበት፣ አፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የነገሡበት አገር ነው። መኳንንቱ ይህን አቀበት ይወጡ የነበረው በበቅሎ ነው፤ እኔና እትዬ በበቅሎ ብንወጣ ምን ነውር አለው? ለዘመዳችን ደውዬ ጭምት በቅሎ እንዲያፈላልግልን ነግሬዋለሁ። ካልተገኘም በትር ይዘን፣ አሥር እርምጃ እየሄድን፣ እያረፍን እንወጣለን። ሽቅብ ሲወጡ የሚፈተነው ትንፋሽ ነው፤ ቁልቁል ሲወርዱ ግን ጉልበት ነውና ለመውረጃው የሚበልጥ ጊዜ መድቤያለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ቢደክመንም እዚያው እንቀመጣለን። ልጆቹ በፈረቃ ይወጣሉ፤ የልጅ ልጆቼ እኛ ጋ የሚቆዩበት ተራ ሲደርሳቸው ጭላዳ ይፈልጋሉ። ያችን አንኮበር ሰሪን የምትባለውን ከአገራችን በቀር ሌላ ቦታ የማትገኝ ትንሽ ወፍም ቢያዩ ደስታው የእነሱ ነው። አንድ ነገር ግን ተወስኗል፦ መኪና ውስጥ የሚቀር ሰው የለም። ከኮረብታው ግርጌም ቢሆን፣ ሣሩ ላይ ወንበር ዘርግተን፣ ጫማችንን አውልቀን እንቀመጣለን።

ትናንት ዕቅዱን ይዤ እትዬ ቤት ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። በቅሎዋ ላይ ስትደርስ ሳቀች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ።

«ሸኖ ላይ ይቆማል?» አለችኝ።

«ይቆማል፤ ጫጫም ይቆማል።»

«ልጆቹ አይሰለቹም?»

«ቢሰለቹም ይቆማል።»

ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያስ ክኒኔን እወስዳለሁ» አለች።