ደሙስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ጦርነቱ አይደለም የማወራው፤ እሱን ለብቻው ተዉት። በደህናውም ጊዜ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ሰው ሰውን ስለሚገድልበት ነገር ነው።

ገዳይ ሲባል ሽፍታ እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ነው፣ አማች ነው፣ የአክስት ልጅ ነው። የሚገድልበትም ከቤት አይጠፋም፤ ዱላ፣ ፋስ፣ ቢላ። አሁን አሁን ደግሞ ጠመንጃው በዝቷል። ሰኔ ላይ አንዱ ሲያርስ ድንበር ይገፋል። መሬቱ በ1989 ከተደለደለ ወዲህ የተወለደው ሁሉ አድጎ አግብቷል፤ መሬቱ ግን ያው ነው። ቂሙ ክረምቱን ከርሞ ጥር ላይ፣ ሠርግ ቤት፣ አረቄው ሲገባ ይፈነዳል።

ሬሳው በደንብ ይመርመር ከተባለ ድሮ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ መጫን ነበረበት፣ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ። ማን ይከፍላል? ማንስ ሬሳ ሳይቀብር ይቀመጣል? እናም ቅርብ ያለው ሐኪም ከላይ አይቶ "ጭንቅላቱን ተመትቶ" ብሎ ይጽፋል። ፍርድ ቤት ይህን ይፈልጋል፣ አልናቅኩትም። ድንበሩና አረቄው ግን ወረቀቱ ላይ የሉም።

የማስተምረው ስነ ዜጋ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል ስል አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ እስሩ የመንግሥት ነው። ደሙስ?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። አባቱ የተገደለው እሱ ሕፃን ሳለ ነው። ለቅሶው ላይ "ወንድ ልጅ ትቷል" ተባለ፤ ያንን እየሰማ አደገ። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እናት ናት፣ አክስት ናት፣ የክርስትና አባት ነው።

ደም የሚያደርቀው ሽምግልና ነው። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ቄሱ መስቀል ይዘው ያስምላሉ። እኔ ከፍርዱ ይልቅ በዚህ አምናለሁ። የሚያናድደኝ ሽማግሌ የሚጠራው ሰውዬው ሊፈታ ሲል መሆኑ ነው፤ እስከዚያ ልጁ ቂም እየተጎረሰ ያድጋል። ለቅሶው ሳይበርድ ለምን አይጀመርም?

ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። የዚህ ልጅ ደመኛ ዘንድሮ ይወጣል ይባላል። ልጁ ሒሳብ ጎበዝ ነው፣ ቀኑን ቆጥሮታል።

የምታውቁት ካላችሁ ስሙን ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ። ለአባቶቻችሁ ግን ንገሩልኝ፤ ከፋሲካ በፊት ይሂዱ።