አበባ የምትመስለው እንስሳ፦ ከጅዳ የመጣ ጥያቄ



ዐረቦች በጸደይ ሜዳው ላይ የምትፈነዳውን ቀይ አበባ «ሸቃኢቁ ኑዕማን» ይሏታል። ስሟን ከሒራው ንጉሥ ከኑዕማን ጋር የሚያያይዙት አሉ። እኛም በመድረሳ ዐረብኛ ስንቀራ ነው ያወቅናት። ባሕር ውስጥ ግን በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ፍጥረት አለች፤ ፈረንጆቹ «አኔሞን» የሚሏት። አበባ ትመስላለች እንጂ አበባ አይደለችም፤ እንስሳ ናት። አፍ አላት፣ በአፏ ዙሪያ የተዘረጉ ቀጫጭን እጆች አሏት፣ በእጆቿ ላይ ደግሞ እንደ ሳማ የሚለበልቡ ሕዋሳት አሉ። የነካትን ትንሽ ነገር ትነድፍና ወደ አፏ ትስባለች።

ለሐይቅና ለአምባሰል ልጆች ይህ ምን ይጠቅማቸዋል ትሉ ይሆናል። ነገሩ የመጣው ከእኛው ልጅ ነው።

ከአምባሰል ወጥቶ እኛ ዘንድ ሐይቅ ከተማ የቀራ አንድ ወንድም አለን። ዛሬ ጅዳ በአንድ ሰው ቤት በጥበቃና በግቢ ሥራ ይተዳደራል። የቤቱ ባለቤት ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለው። ውስጡ የጨው ውሃ፣ የቀይ ባሕር ዓሦች፣ ድንጋይና በድንጋዩ ላይ የሚያድግ ሕያው ኮራል አለ። ይህን ኮራል ብዙዎች በሱረቱ ረሕማን ከሉል ጋር የተጠቀሰው መርጃን ነው ይላሉ። ቤተሰቡ ለዕረፍት ከአገር ሲወጣ ገንዳውን ለእሱ አደራ ሰጥተውት ሄዱ። የአንዷ ኮራል ዋጋ ከወር ደሞዙ ብዙም እንደማይርቅ ነግሮናል። ስደት ላይ ያላችሁ ይህ ምን ዓይነት ጭንቀት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ዓሣ ቢሞት፣ ኮራል ቢደርቅ «አላህ ያመጣው ነው» ብሎ የሚያልፍ ከፊል እንዳለ ሁሉ ከደሞዝ የሚቆርጥም አለ።

በገንዳው ውስጥ አንዲት ቡናማ፣ ገላዋ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቁመቷ ጥቂት ሴንቲሜትር የምትሆን አኔሞን ብቅ አለች። ከድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቃ የመጣች ናት። ልጁ መጀመሪያ ወዷት ነበር። ኋላ ግን አጠገቧ ያለው ኮራል በነካችው በኩል ሲነጣ አየ። ቢላ አምጥቶ ፋቃት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንዷ ቦታ ስድስት ሆነው ጠበቁት። እነሱንም ፋቀ። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋው።

አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ በኢሞ ደወለልን። «ኡስታዝ፣ ድንጋዩን አውጥቼ ድስት ውስጥ ልቀቅለው ነው። ውሃውን ጥጄዋለሁ። ግን በሕይወት ያለ ነገር በፈላ ውሃ መግደል ወንጀል ይሆንብኛል ወይ?» አለ።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው አስደስቶናል። ሰው አገር ሆኖ፣ ማንም በማያየው ሳሎን ውስጥ፣ አጥንትም አንጎልም ስለሌላት ፍጥረት የሚጠይቅ ወጣት ሁልጊዜ አይገኝም። እሳቱን እንዲያጠፋና እስኪነጋ እንዲታገስ ነግረን ወደ ሼሃችን ሄድን።

ሼሃችን ኮራል አይተው አያውቁም። ስልካችን ላይ ፎቶውን አሳየናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አድርገው፣ ደግመው አውልቀው አዩት። መጀመሪያ የጠየቁት «አትክልት ነው እንስሳ?» ብለው ነበር። እንስሳ መሆኑን ስንነግራቸው «ጉዳቱ በምን ላይ ነው?» አሉ። በሰው ንብረት ላይ፣ በአደራ ላይ በተቀመጠ ነገር ላይ መሆኑን አስረዳን። እሳቸውም የሚጎዳን ነገር መከላከል እንደሚቻል፣ ለጨዋታ ብሎ ነፍስ ማጥፋት ግን ሌላ መሆኑን ተናገሩ። ቀጥለው በእሳት መቅጣትን የሚከለክለውን ሐዲስ፣ ከዚያም ከሸዳድ ኢብኑ አውስ ተዘግቦ ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ የሚገኘውን፣ በመግደል ላይ እንኳ ማሳመርን የሚያዘውን ሐዲስ አነሱልን። «ሌላ መንገድ እያለ ወደ ፈላ ውሃ አይሂድ። ቶሎ የሚጨርሰውን፣ ጎረቤቱን የማይጎዳውን ይፈልግ» አሉ።

«ጎረቤቱን» ያሉት ኮራሉን ነበር። ቃሉን ወደድነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእኛ ሆነ። ልጁ የገበያ ዐረብኛ ይናገራል እንጂ ማንበብ ይከብደዋል። እኛ ደግሞ ለነሕውና ለፊቅህ ብለን በቀራነው ዐረብኛ ስለ ዓሣ ገንዳ ማንበብ ጀመርን። ኪታብ ያስቀሩን ሰዎች ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ያነበብነው ግን አስደነገጠን። እንዲህ ዓይነት ገንዳ ውስጥ ከድንጋዩ ጋር የሚጣበቁ፣ ቁልፍ የሚመስሉ ኮራሎች አሉ፤ «ዞአንቲድ» ይባላሉ። አንዳንዶቹ «ፓሊቶክሲን» የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። ድንጋዩን ያፈሉ ወይም በፈላ ውሃ ያጠቡ ሰዎች ከነቤተሰባቸው በእንፋሎቱ ተመርዘው ሆስፒታል የገቡበት አጋጣሚ በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል። የልጁን ገንዳ ፎቶ መልሰን ስናየው እነዚያ ቁልፎች እዚያው ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። ወዲያው ደውለን ድስቱን ከዚያ ቤት እንዲያርቅ ነገርነው። ሼሃችን ስለ መርዙ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የነገሩን ስለ እሳቱ ብቻ ነበር።

ቢላውስ ለምን አልሠራም? ይህች አኔሞን «አይፕታዚያ» ትባላለች። ከእግሯ የቀረ ቁራጭ፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት እንኳ ቢሆን፣ ራሱን ችሎ አዲስ አኔሞን ይሆናል። ሳይነኳት እንኳ በድንጋዩ ላይ ስትንቀሳቀስ ከእግሯ ትንንሽ ቁራጮችን እየጣለች ትባዛለች። ስለዚህ የሚፍቃት ሰው ገበሬ እንጂ አራሚ አይደለም፤ እየዘራ ነው። በዚያ ላይ ገና ሲነኳት ወደ ቀዳዳዋ ትሸሸጋለች።

መንገዱ ኖራ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳ የምንቀባው ኖራ፣ በዐረብኛም «ኑራ» ነው። ለገንዳ ተብሎ የሚሸጥ ንጹሕ ዱቄት አለ። በጥቂት ውሃ ወፍራም አድርጎ ማቡካት፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ መሳብ፣ የገንዳውን ፓምፕ ማጥፋት፣ ከዚያ ሳያስደነግጡ ቀስ ብሎ አፏ ላይ ማፍሰስ። ስትሸሸግ ቀዳዳውን በዚያው መድፈን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፓምፑን መመለስ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ዋናው ጥንቃቄ ግን ብዛቱ ነው። ኖራው የውሃውን ጠባይ በአንድ ጊዜ ስለሚቀይረው ሁሉንም በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ያለ ሰው አኔሞኗን ገድሎ ዓሦቹንም አብሮ ይገድላል። በቀን ሦስት ወይም አራት ብቻ። ልጁ ይህን ሲሰማ «ኡስታዝ፣ ሠላሳ ናቸው እኮ» አለን። እኛም ቢያንስ አሥር ቀን ታገስ አልነው።

ሌላም ነገር ነገርነው። ምግብ ቀንስ አልነው፤ ለዓሦቹ ተብሎ የሚበተነው ትርፍ እሷንም ይቀልባል። እሷን የሚበላ ፍጥረት ደግሞ አላህ ፈጥሯል፤ «ፔፐርሚንት» የሚባል ቀይ መስመር ያለው ትንሽ ሽሪምፕ አንዱ ነው። ሱቅ ሄዶ ሲጠይቅ ግን ተመሳሳዩን ሊሸጡለት ነበር። ይህኛው ጀርባው ጎብጦ ነጭ መስመርና ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን ስሙም «የግመል ሽሪምፕ» ነው። እሱ የሚበላው አኔሞኗን ሳይሆን ኮራሉን ነው። ልጁ የጀርባውን ጉብታ አይቶ ትቶት ወጣ። የአምባሰል ልጅ ግመል አይጠፋውም።

በሦስተኛው ሳምንት የላከልን ቪዲዮ ላይ የሚታይ አልነበረም። በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ግን አንዷ እንዳለች ጠርጥሯል። ቤተሰቡ ሲመለስ ነገሩን ሳይደብቅ ለአባወራው እንዲነግር መከርነው፤ የነጣውን ኮራል ጭምር። ነገረ። ሰውየው ኮራሉን አየና «ያገግማል» ብሎ አለፈው፤ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ነገር ግን ልጁ ሳይጠይቀን እኛው ነገርነው፤ ከገንዳ የወጣ ድንጋይም ሆነ ውሃ ወደ ባሕር አይሄድም። በ1984 ሞናኮ ከተማ ዳር፣ ከባሕር ሙዚየሙ ሥር፣ በገንዳ ማስጌጫነት የሚታወቅ አንድ የባሕር አረም ተገኘ። ሲገኝ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሳይነቀል ቀርቶ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ሺዎች ሄክታር ሸፈነ። እሱም ከተቆረጠ ቁራጭ የሚበቅል ነው።

ይህን ስናነብ ሐሳባችን ወደ አገር ቤት መጣ። ጣና ላይ እምቦጭ የታየው በአውሮፓውያን 2011 ነው፤ ቆቃ ላይ ከዚያ በፊት በ1965። ስንት ወጣት ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንደነቀለ ሁላችንም አይተናል። በማሽን ሲቆረጥ የተረፈው ቁራጭ እየተንሳፈፈ ሌላ ቦታ ሄዶ ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የእኛው የሐይቅ ውሃም የእንግዳ ታሪክ አለው። ዛሬ ከመንገድ ዳር ተጠብሶ የምንበላው ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ መጨረሻ ተጨምሮ ነው። ስንት ቤተሰብ ይቀልባል፣ ማሻ አላህ፣ እኛም እንበላዋለን። ነገር ግን የድሮው ውሃ ከዛሬው እጅግ የጠራ እንደነበር አጥኚዎች ጽፈዋል፤ ለለውጡ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ዓሣ ነው። ስለዚህ ከሌላ ወንዝ ያመጣኸውን ዓሣም ሆነ ከደሴ የገዛኸውን የገንዳ ተክል ሐይቁ ውስጥ «ነጻ እንዲወጣ» ብለህ አትልቀቅ።

ከውሃ ውጭ ደግሞ ፋራምሲሳ አለ፤ ቅንጨ የምትሉትም አላችሁ። በድርቁ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ብዙዎች ይናገራሉ። ዛሬ ከመንገድ ዳር እስከ መቃብራችን ድረስ ደርሷል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ደረትም ያፍናል። እሱ እንደ አኔሞኗ ከቁራጭ ሳይሆን ከዘር ነው የሚራባው፤ አንዱ ተክል ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያረግፋል። ነጩ አበባ ከወጣ በኋላ የሚነቅለው ሰው በየረገጠበት ይዘራዋል። አምና ዘመቻ የወጣነው አበባው ሁሉ ፈክቶ እያለ ነበር፤ የቀጠርንበት ቀን ለሁሉም የሚመች ስለሆነ ብቻ። ዘንድሮ የምንወጣው ገና ቅጠል ሳለ፣ በሐምሌ ነው፣ ኢንሻ አላህ። ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ፤ አስም ያለበት ወንድም ግን ውሃ በማቅረብ ይተባበረን፣ ሣሩ ውስጥ አይግባ።